ከመቻራ ስልክ ሲታዩ፦ የሲኤስኤስ አቀማመጥ ፍሬምወርኮች ዳሰሳ

ጭሮ ላይ ድረ ገጽ መሥራት ዛሬ እንግዳ ሙያ አይደለም። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ያለው በከተማዋ ነው፤ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶም ላፕቶፕ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት አይታጣም። ሥራውን የሚሰጠው ሰው ሆቴል ወይም ክሊኒክ ያለው፣ የግል ኮሌጅ የከፈተ፣ ወይም የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመራ ሊሆን ይችላል። የሚለው ግን ተመሳሳይ ነው፦ ቶሎ ይድረስ፣ በስልክ ይከፈት፣ ደስ የሚል ይሁን። ገንቢውን ደግሞ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ርዕሱ የት እንደሚውል፣ ዓምዱ ስንት እንደሚሆን፣ ስክሪኑ ሲጠብ የትኛው ከየትኛው በታች እንደሚወርድ የሚደነግገውን የሲኤስኤስ ክፍል ራሱ ይጻፈው ወይስ ከተዘጋጁት ፍሬምወርኮች አንዱን ይውሰድ? ከወሰደስ የትኛውን?

መልሱ ብዙ ጊዜ በልማድ ይሰጣል። አንዱ በትምህርት ቤት የለመደውን፣ ሌላው ጓደኛው የሚጠቀምበትን፣ ሦስተኛው በዩቲዩብ ያየውን ያነሣል። ይህ ዳሰሳ ሚዛኑን የሚያነሣው ከሌላ ቦታ ነው። መቻራ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ ናት፤ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት፣ በሐረር ቡና ምድር ውስጥ የምትገኝ ከተማ። እዚያ ያለ ገበሬ፣ ተማሪ ወይም ነጋዴ ገጹን የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። ፍሬምወርክ መመረጥ ያለበት በዚህ ሰው ስልክ ላይ በሚሠራው ሥራና ነገ ገጹን በሚረከበው ባለሙያ አቅም ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለብዙዎቹ የከተሞቻችን ትንንሽ ገጾች ፍሬምወርክ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ምርጫው ጠባብና ግልጽ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት የቴክኖሎጂ ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬምወርክ ለምን ተፈጠረ?

ሲኤስኤስን ኖርዌጂያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ በኦክቶበር 1994 አቀረበው፤ የመጀመሪያው ደረጃ በዲሴምበር 1996 ጸደቀ። ያኔ ቋንቋው የፊደልን መጠን፣ ቀለምንና ህዳግን ለመወሰን በቂ ነበር። ገጽን በዓምድ ለመክፈል የሚያስችል መሣሪያ ግን አልነበረውም። ገንቢዎች መላ ፈጠሩ፤ መጀመሪያ ለቁጥር መረጃ የተሠራውን ሠንጠረዥ ለገጽ አቀማመጥ አዋሉት፤ ቀጥሎም ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲፈስ ተብሎ የተሰጠውን ፍሎትን ዓምድ ማቆሚያ አደረጉት። ሁለቱም ከታሰቡለት ሥራ ውጪ ስለዋሉ ችግራቸው ብዙ ነበር። የጎን ለጎን ዓምዶች ቁመት እኩል አይሆንም፤ ስፋቱ በትንሹ ከተሳሳተ አንዱ ዓምድ ከሌላው ሥር ይወድቃል፤ ያረጁት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ስሪቶች ደግሞ ስፋትን የሚያሰሉት ከሌሎቹ ብራውዘሮች በተለየ መንገድ ነበር።

የአቀማመጥ ፍሬምወርክ የተወለደው ከዚህ ድካም ነው። በ2007 ብሉፕሪንት፣ ብዙም ሳይቆይ የኔተን ስሚዝ 960 ግሪድ ሲስተም መጡ። ሁለተኛው 960 ፒክስል ስፋት ያለውን ገጽ በ12 ወይም በ16 ዓምድ ይከፍላል። ቁጥሩ የተመረጠው በዘመኑ በብዛት በነበረው 1024 ፒክስል ስክሪን ላይ ስለሚያርፍና ለብዙ ቁጥሮች እኩል ስለሚካፈል ነው። ዓምድን አስቀድሞ መለካት ለእኛ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራናውን በወስፌ ወግተውና መስመር አስምረው፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ለይተው ነበር ቀለም የሚያነሡት። ብራና ግን ከተቆረጠ በኋላ ስፋቱ አይለወጥም፤ ድረ ገጽ በአንዱ ሰው እጅ ጠባብ፣ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ሰፊ ነው። ኤተን ማርኮት በሜይ 2010 በጻፈው ጽሑፍ ገጹ ራሱ እንደ ስክሪኑ እንዲለዋወጥ የሚያደርገውን ዘዴ ስም ሰጥቶ አስፋፋው።

በኦገስት 2011 በትዊተር ይሠሩ የነበሩት ማርክ ኦቶና ጄከብ ቶርንተን ቡትስትራፕን ለሕዝብ ለቀቁ። 16 ዓምድ ያለው መደብ፣ የተዘጋጀ ቁልፍ፣ ቅጽ፣ ሠንጠረዥና ምናሌ ባንድ ፋይል ይዞ መጣ። የዙርብ ኩባንያ ፋውንዴሽንም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2013 የወጣው ሦስተኛው ቡትስትራፕ አሠራሩን ገልብጦ ትንሹን ስክሪን መነሻ አደረገ። ኮምፒውተር ሳይነካ በቀጥታ በስልክ ኢንተርኔት ለጀመረ እንደኛ ላለ አንባቢ ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር።

ብራውዘሩ ራሱ ሥራውን ሲረከብ

የዛሬውን ምርጫ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው የሚለየው በማርች 2017 የሆነው ነገር ነው። በዚያ ወር ፋየርፎክስ 52፣ ክሮም 57 እና ሳፋሪ 10.1 ሲኤስኤስ ግሪድን ተቀበሉ። ረድፍና ዓምድን አንድ ላይ የሚያስተዳድር፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተነደፈ መሣሪያ በዚያን ጊዜ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ ገባ። ከእሱ በፊት የደረሰው ፍሌክስቦክስ ደግሞ ነገሮችን በአንድ መስመር ለመደርደር፣ ለማመጣጠንና መሃል ለማስቀመጥ ያገለግላል። ከ2022 እስከ 2023 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ዋናዎቹ ብራውዘሮች አንድን ክፍል በስክሪኑ ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታ ስፋት ልክ እንዲለወጥ የሚያደርገውን ዘዴም አስገቡ።

የዚህን ትርጉም በምሳሌ እንየው። የሆቴሉ የክፍሎች ዝርዝር በስልክ አንድ በአንድ፣ በሰፊ ስክሪን ደግሞ ቦታ በፈቀደ መጠን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ እንዲደረደር እንፈልጋለን እንበል። ቀድሞ ይህ የፍሬምወርክ ሥራ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የስክሪን ስፋት በስልክ 12 ዓምድ፣ በታብሌት 6፣ በኮምፒውተር 4 እየተባለ በክላስ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግሪዱን ከፍቶ «እያንዳንዱ ካርድ ከዚህ ስፋት አያንስ፤ የቀረውን ቦታ እኩል ተካፈሉ» የሚል አንድ ትእዛዝ መስጠት ይበቃል። በመሃሉ ያለውን ክፍተት ለመወሰን አንድ መስመር ይጨመራል። የስክሪን ስፋት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ስሌቱን ብራውዘሩ ይሠራዋል።

ስለዚህ ዓምድ ለማቆም ብቻ ተብሎ ፍሬምወርክ የሚወሰድበት ምክንያት በእጅጉ ሳስቷል። የቀሩት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው፤ የተዘጋጁ ክፍሎችን በአንድ ወጥ መልክ ማግኘት፣ ከቡድን ጋር በአንድ ቋንቋ መግባባት፣ ጊዜ መቆጠብ። ምርጫው መከራከር ያለበት በእነዚህ ላይ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ

ቡትስትራፕ ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። በጃንዋሪ 2018 የወጣው አራተኛው ስሪት ፍሎትን ትቶ ወደ ፍሌክስቦክስ ተሻገረ፤ በሜይ 2021 የወጣው አምስተኛው ጄኩዌሪን ተወ፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ተሰናበተ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎችም ድጋፍ አመጣ። ጥንካሬው ሙሉነቱ ነው፤ ቅጹ፣ የስህተት መልእክቱ፣ ሠንጠረዡ፣ ብቅ ባዩ መስኮት ሁሉ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ሰነዱም ግልጽ ነው። ድካሙ ክብደቱና ተመሳሳይነቱ ነው። ካልተነካካ የክሊኒኩም የሆቴሉም ገጽ አንድ ፊት ይኖራቸዋል።

ቴይልዊንድ በአዳም ዋተን መሪነት በ2017 መጨረሻ ብቅ ያለና ሌላ መንገድ የያዘ ነው። የተዘጋጀ ቁልፍ ወይም ካርድ አይሰጥም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ክላሶች ይሰጣል። ገንቢው ክፍተቱን፣ ቀለሙን፣ አሰላለፉን እዚያው ኤችቲኤምኤሉ ላይ ይገጣጥማል። ሲጠናቀቅ መሣሪያው ኮዱን አንብቦ በሥራ ላይ የዋሉትን ብቻ ይዞ ፋይል ያወጣል። በዚህም ምክንያት ወደ አንባቢው የሚሄደው ሲኤስኤስ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎባይት ያነሰ እንደሆነ አዘጋጆቹ ይገልጻሉ። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል፤ በየመስመሩ የተደረደሩት ክላሶች ኮዱን ለጀማሪ ከባድ ያደርጉታል፤ ፋይሉን የሚያወጣው መሣሪያም በሥራው ሂደት ውስጥ ሊኖር ግድ ነው።

ቡልማ በጄረሚ ቶማስ የተጀመረ፣ በፍሌክስቦክስ ላይ የቆመ፣ ጃቫስክሪፕት የማይጨምር ነው፤ በ2024 ወደ 1.0 ደርሷል። ለመማር ቀላል ነው፤ የተጠቃሚው ብዛት ግን ከሁለቱ ያነሰ ስለሆነ ረዳት ማግኘት ይከብዳል። ፋውንዴሽን በዘመኑ ትልቅ ነበር፤ ዛሬ አዲስ ሥራ በእሱ ለመጀመር የሚያበቃ ምክንያት አይታይም። ፒኮ ደግሞ በአብዛኛው ክላስ ሳይጠይቅ ተራውን ኤችቲኤምኤል የሚያሳምር ቀላል ፋይል ነው፤ አብዛኛው ይዘቱ ጽሑፍ ለሆነ ገጽ ይመጥናል።

የመጨረሻው ተወዳዳሪ ስም የለውም፤ ገንቢው ራሱ በግሪድና በፍሌክስቦክስ የሚጽፈው ሲኤስኤስ ነው። ለአምስት ገጽ ድረ ገጽ አቀማመጡ ከጥቂት ደርዘን መስመሮች አይበልጥም። ከፍሬምወርክ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህኛው ነው፤ እንደ እውነተኛ አማራጭ ከሌሎቹ እኩል መቀመጥ አለበት።

ክብደትና መስመር

ሲኤስኤስ ከሌላ ፋይል የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ። ብራውዘሩ በገጹ አናት የተጠራውን ሲኤስኤስ አውርዶ ሳይጨርስ በተለምዶ ምንም አያሳይም። ሥዕል ቢዘገይ ጽሑፉ ይነበባል፤ ሲኤስኤስ ቢዘገይ ግን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ኔትወርክ ሲደክም አንባቢው የሚጠብቀው ይህንኑ ፋይል ነው።

ሙሉው የቡትስትራፕ 5 ሲኤስኤስ ተጠቅጥቆ እንኳ 230 ኪሎባይት ያህል ነው፤ ሰርቨሩ አጭቆ ሲልከው ወደ 30 ይወርዳል። በሴኮንድ 100 ኪሎቢት በሚያደርስ ደካማ መስመር ላይ 30 ኪሎባይት 2.4 ሴኮንድ ይፈጃል። ሰርቨሩ ማጨቅ ካልተበራለት ግን ያው ፋይል ከ18 ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ቡትስትራፕ የመረጠ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የሆስቲንጉን ማጨቂያ ማብራት ነው። ዓምዱን ብቻ የሚፈልግም ሙሉውን መውሰድ የለበትም፤ ቡትስትራፕ የግሪድ ክፍሉን ለብቻው አዘጋጅቶ ያቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምክር መታረም አለበት። «ፍሬምወርኩን ከታወቀ የውጭ ሲዲኤን ጥራው፤ አንባቢው ሌላ ገጽ ሲጎበኝ አውርዶት ስለሚሆን ዳግም አያወርደውም» ይባላል። ክሮም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሚያስቀምጠውን ፋይል በየድረ ገጹ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሳፋሪ ይህን ያደረገው ከዚያ በፊት ነው። ለሌላ ድረ ገጽ የወረደው ቡትስትራፕ ለእርስዎ ገጽ አያገለግልም። እንዲያውም ከሌላ ሰርቨር ጋር አዲስ ግንኙነት መክፈት ስለሚያስፈልግ ከአገልጋዩ ሩቅ ለሆነ አንባቢ ተጨማሪ መዘግየት ያመጣል። ፋይሉን ከገጹ ጋር በአንድ ሰርቨር ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

በከተሞቻችን ብዙ ንግዶች ድረ ገጽ ሳይኖራቸው በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ይሠራሉ። አዲሱ ድረ ገጽ በአንባቢው ዓይን የሚወዳደረው ከእነዚህ ጋር ነው። የቴሌግራም መልእክት ወዲያው ተከፍቶ የሆቴሉ ገጽ እየተሽከረከረ ከቆየ ደንበኛው ወደ ቻናሉ ይመለሳል።

ያረጁ ስልኮች

ስልክ በአገራችን ቶሎ አይጣልም፤ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ይተላለፋል፣ በሁለተኛ እጅ ይሸጣል። ብራውዘሩ ደግሞ ከአንድሮይዱ ዕድሜ ጋር ይቆማል። አንድሮይድ 5 ያለው ስልክ ከክሮም 95 አያልፍም፤ አንድሮይድ 6 በ106፣ አንድሮይድ 7 በ119 ይቆማሉ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የያዘ ገንቢ የፍሬምወርክን አዲስ ስሪት ከመጫኑ በፊት መጠየቅ ያለበትን ያውቃል።

በጃንዋሪ 2025 የወጣው ቴይልዊንድ 4 ቢያንስ ክሮም 111 ይፈልጋል። ስለዚህ አንድሮይድ 6ና ከዚያ በታች ባሉ ስልኮች ላይ ገጹ ሊበላሽ ይችላል፤ አዘጋጆቹም ለቆዩ ብራውዘሮች ማሰብ ያለበት ሰው በ3.4 እንዲቆይ ይመክራሉ። ቡትስትራፕ 5 ከክሮም 60 ጀምሮ ይደግፋል፤ ሲኤስኤስ ግሪድም ከ57 ጀምሮ አለ። በዚህ መስፈርት ቡትስትራፕና በራስ የተጻፈ ግሪድ ከቴይልዊንድ 4 በብዙ ይሻላሉ። በራሱ የሚጽፈው ሰውም ቢሆን ጥንቃቄ አይቅርበት፤ የውስጡ ግሪድ የውጪውን ዓምድ እንዲወርስ የሚያደርገው ሰብግሪድ ክሮም ላይ የገባው በ117 ስለሆነ አንድሮይድ 6 አያውቀውም።

ኦፔራ ሚኒ የተለየ ጉዳይ ነው። ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ቀንሶና አጭቆ ስለሚልክ ዳታ ይቆጥባል፤ በዚሁም ምክንያት ተወዳጅ ነው። ሆኖም በከፍተኛ ቁጠባው ሲሠራ ሲኤስኤስ ግሪድን አያውቅም፤ ቡትስትራፕም እንዲህ ያሉ ብራውዘሮችን በይፋ አይደግፍም። መፍትሔው ከፍሬምወርክ ውጪ ነው። ኤችቲኤምኤሉ ሲጻፍ ርዕሱ፣ ዋናው መልእክት፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ከዚያ ሌላው በተገቢው ቅደም ተከተል ከተቀመጠ፣ አቀማመጡ ሁሉ ቢቀር እንኳ ገጹ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ዓምዱ ለሚችለው ስልክ የሚጨመር ነው።

ፊደል፣ ቁቤና ዐረብኛ

ታዋቂዎቹ ፍሬምወርኮች ሁሉ የተፈተኑት በዋናነት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ የሚሠራ ገጽ ግን ኦሮምኛን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል መያዝ ይኖርበታል፤ ለአንዳንድ ተቋም ዐረብኛም ይጨመራል። አቀማመጥ የሚፈተነው እዚህ ነው።

ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ረጅም አናባቢ ይደረባል፣ የሚጠብቅ ተነባቢም ይደረባል፤ ቃላቱ ይረዝማሉ። በጠባብ ስክሪን ላይ ሦስት ካርድ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ገንቢ አንድ ረጅም ቃል ዓምዱን ገፍቶ ገጹን ከስክሪኑ ሲያስወጣ ያገኘዋል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የግሪድ ዓምድ በነባሪነት በውስጡ ካለው ረጅሙ ቃል አያንስም። የዓምዱን ዝቅተኛ ስፋት ዜሮ ማድረግና ረጅም ቃል እንዲሰበር መፍቀድ ችግሩን ይፈታዋል። በፍሬምወርክ የተሸፈነ ገንቢ ግን ይህን ሳያውቅ የፊደሉን መጠን ሲያሳንስ ይውላል።

የአማርኛው ጉዳይ ሌላ ነው። ፊደላችን ከላቲን ትንሽ ሆሄ ይሰፋል፣ ቁመቱም ይበልጣል። ቡትስትራፕም ሆነ ቴይልዊንድ በነባሪነት የሚጠቀሙት በመሣሪያው ላይ ያለውን ፎንት ነው፤ በዝርዝራቸው ውስጥ ለፊደላችን ተብሎ የተጠራ ፎንት ስለሌለ ብራውዘሩ ያገኘውን ይተካል። አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ። ኒያላ በተመሳሳይ መጠን ከሌሎቹ አንሶ ይታያል። ስለዚህ በላፕቶፕ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ የምናሌ ስም በስልክ ላይ ሁለት መስመር ይሆናል። የምናሌና የቁልፍ ስፋትን በቁጥር መቁረጥ ለአማርኛ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በመስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ከፍሬምወርኩ የተለመደ 1.5 ወደ 1.7 ወይም 1.8 ከፍ ቢል ንባቡ ይቀላል።

የአማርኛ ፎንትን አብሮ መላክ ሌላ ውሳኔ ነው። በዩኒኮድ ዋናው የፊደላችን ክፍል ከ350 በላይ ምልክቶች አሉት፤ ላቲን በትልቁም በትንሹም 52 ነው። ፎንቱ ከሲኤስኤሱ ሁሉ ሊከብድ ይችላል። ቴይልዊንድን መርጦ 20 ኪሎባይት ያዳነ ሰው ሦስት ዓይነት ውፍረት ያለው ፎንት ቢጭን ያዳነውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ለዜና፣ ለዋጋና ለማስታወቂያ ገጽ በስልኩ ላይ ያለው ኖቶ ይበቃል።

ከዚህ ሌላ በየፍሬምወርኩ የተደበቁ የእንግሊዝኛ ልማዶች አሉ። ማቴሪያላይዝ የተባለው ፍሬምወርክ የቁልፍ ጽሑፍን በትልቁ ሆሄ በማድረግ ከሌላው ይለየዋል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልዩነቱ ይጠፋል፣ በውፍረት ወይም በቀለም መተካት አለበት። የቴይልዊንድ የጽሑፍ ማሳመሪያ የመስመርን ርዝመት በዜሮ አኃዝ ስፋት ለክቶ 65 ላይ ይገድበዋል፤ ሰፊው ፊደላችን በዚያ ልክ ውስጥ የሚያስገባው ቃል ያንሳል። አራት ነጥብን ከቃሉ በባዶ ቦታ ለይቶ የመጻፍ ልማድ ደግሞ ነጥቡን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይጥለዋል። ይህን ማንም ፍሬምወርክ አያቃናም፤ ጽሑፉን የሚያስገባው ሰው ነጥቡን ከቃሉ ጋር ማጣበቅ አለበት። በሌላ በኩል የሲኤስኤስ ደረጃ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር በ፩፣ ፪፣ ፫ የመቁጠር ዘዴ አስቀምጧል፤ ለዚህ ፍሬምወርክ አያስፈልግም።

ዐረብኛ ሲጨመር ገጹ ከቀኝ ይጀምራል። «ግራ» እና «ቀኝ» እያሉ የተጻፉ ህዳጎች ሁሉ ይገለበጣሉ። በራሱ የሚጽፍ ገንቢ «መጀመሪያ» እና «መጨረሻ» የሚሉትን የሲኤስኤስ ስያሜዎች ከተጠቀመ አቀማመጡ በራሱ ይዞራል። ቡትስትራፕ 5 ለዚህ የተለየ ፋይል አለው፤ ቴይልዊንድም ከ3.3 ጀምሮ ተመሳሳይ ክላሶች አምጥቷል።

መሣሪያው፣ ገንቢውና ተረካቢው

ቴይልዊንድን ለመጠቀም በተለምዶ ኖድና ከኢንተርኔት የሚወርዱ ጥቅሎች ያስፈልጋሉ። መስመሩ በተቆራረጠ ቁጥር ማውረዱ ይስተጓጎላል። ኖድ ሳያስፈልገው ብቻውን የሚሠራ አንድ ፋይልም ስላለ ይህን የሚመርጥ ሰው እሱን ቢይዝ ይሻላል። ቡትስትራፕና ፒኮ በፍላሽ ተገልብጠው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በኮምፒውተር ላብ ለሚማር ተማሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የራስ ሲኤስኤስ ከጽሑፍ ማረሚያና ከብራውዘር ሌላ ምንም አይፈልግም።

ከዚህ በላይ የሚከብደው የተረካቢው ጉዳይ ነው። በትንሽ ከተማ ገጹን የሠራው ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ከዓመት በኋላ የኮሌጁን ክፍያ ወይም የክሊኒኩን ስልክ ቁጥር የሚቀይረው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ኤችቲኤምኤል ከፍቶ ቁጥሩን ቢያገኝ ሥራው በደቂቃ ያልቃል። የማያውቀው የግንባታ መሣሪያ ከጠበቀው፣ የቆየው ስሪት ከአዲሱ ኖድ ጋር ካልተስማማ፣ ገጹ ይተዋል። ድረ ገጾቻችን የሚሞቱት በዚህ መልኩ እንዳይሆን የተረካቢው ዕውቀት በምርጫው ውስጥ መቆጠር አለበት።

በጁላይ 2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረትን ለብዙ ወጣት ክፍት አድርጓል። ሲኤስኤስ የሚያስተምር ሰው ከቡትስትራፕ በፊት ፍሌክስቦክስንና ግሪድን ቢያስተምር ተማሪው በኋላ ማንኛውንም ፍሬምወርክ ያነባል። የክላስ ስም ብቻ ሸምድዶ የወጣ ሰው ግን ስሪቱ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ከቡትስትራፕ 4 ወደ 5 ሲታለፍ እንኳ ብዙ ስሞች ተቀይረዋል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ማስተዋወቂያ ገጽ፦ በራስ የተጻፈ ግሪድና ፍሌክስቦክስ። ይዘቱ ጥቂት ነው፤ አቀማመጡ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ከ10 ኪሎባይት በታች ሆኖ ይቀራል። ጊዜ ካጠረ ፒኮ መነሻ ይሁን።

ለውጤት ማሳያና ለአንድ ቅጽ አገልግሎት፦ አሁንም ያለ ፍሬምወርክ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት ሲለቀቅ ከመቻራ እስከ መቀሌ ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጹን ይከፍታል። እንዲህ ያለ ገጽ የሚያስፈልገው አንድ የቁጥር መጻፊያ፣ አንድ ቁልፍና አንድ ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ጎብኚ ላይ የሚጨመር ኪሎባይት በሰርቨሩ ላይም በተማሪው ጥቅል ላይም ይበዛል።

ለዋጋ ሰሌዳ፦ የቡና ወይም የእህል ዋጋ በተፈጥሮው ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዥ ሆኖ ይቆይ። በጠባብ ስክሪን ላይ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ማድረግ፣ የምርቱ ስም ያለበት የመጀመሪያ ዓምድ እንዳይንቀሳቀስ ማያያዝ በቂ ነው። ሁለቱም በሲኤስኤስ ጥቂት መስመር ናቸው።

ለቢሮ ሥርዓት፣ ማለትም ለሬጅስትራር፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ለመጋዘን መዝገብ፦ ቡትስትራፕ 5። ቅጹ ብዙ ነው፤ ሠንጠረዡ ብዙ ነው፤ የስህተት መልእክቱ ብዙ ነው፤ ተጠቃሚው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይሉ አንዴ ከወረደ በየቀኑ ስለሚያገለግል ክብደቱ አይሰማም። ተረካቢ ባለሙያ ማግኘትም ከሌሎቹ ይቀላል።

ለረጅም ጊዜ በቡድን ለሚሠራ መተግበሪያ፣ የራሱ መልክ እንዲኖረው ለሚፈለግ፦ ቴይልዊንድ። የግንባታ መሣሪያውን የሚንከባከብ ሰው በቋሚነት ካለና የአንባቢዎቹ ስልክ ከታወቀ ጥቅሙ ይጎላል። ያረጁ ስልኮች ከበዙ ስሪት 3.4 ይያዝ።

ምርጫውን ከማጽናት በፊት ግን አንድ ፈተና ይካሄድ። ከገጹ እጅግ ከባዱን አንዱን ብቻ፣ እውነተኛ የኦሮምኛና የአማርኛ ጽሑፍ አስገብቶ፣ በሁለት መንገድ መሥራት፤ ከዚያም በአንድ ያረጀ አንድሮይድ፣ በኦፔራ ሚኒና ኔትወርኩ በደከመበት ሰዓት መክፈት። ክሮም በኮምፒውተር ላይ ደካማ መስመርን የሚያስመስል መፈተኛ አለው፤ እጅ ላይ ያለ ስልክ ግን ከእሱ ይበልጣል። ደንበኛውም በዚያው ስልክ ይየው።

ከዚህ ፈተና በኋላ ብዙዎች ከጠበቁት ያነሰ መሣሪያ እንደሚበቃቸው እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ ለጭሮና ለአካባቢው ወጣት ገንቢዎች ምክሬ በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ግሪድንና ፍሌክስቦክስን በደንብ ተማሩ፤ የሚቀጥለውን ትንሽ ገጽ ያለ ፍሬምወርክ ሥሩ፤ ቡትስትራፕን ለቢሮ ሥራ አቆዩት፤ ቴይልዊንድን ቡድን ሲኖራችሁ ያዙት። የሠራችሁትን ስታስረክቡም የትኛውን መሣሪያ በየትኛው ስሪት እንደተጠቀማችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ።